ብረቱ ይግባ ወይስ ይቅር?

መቼም ወደዚህ ዓምድ ከሚመጡት አሥር ደብዳቤዎች ዘጠኙ የፍቅር ናቸው። ጥሎኝ ሄደ፣ ቤተሰቦቿ አልወደዱኝም፣ የልብ ጓደኛዬ ቀማችኝ… የዛሬው ደብዳቤም ፍቅር አለበት። መሐል ላይ ቁጭ ያለው ግን የጀርባ አጥንት ነው! የመጣው ከምዕራብ ጎጃም ነው። እኔም ፍኖተ ሰላም ተወልጄ አሥራ ሁለተኛን እዚያው የጨረስኩ ስለሆንኩ ሳነበው የሰፈሬ ሰው ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣብኝ። ረዘም ስለሚል አሳጥሬ፣ ልጅቷ የምትታወቅበትን ነገር ሁሉ አውጥቼ እነሆ ብያለሁ።

«ይድረስ ለተወደድሽው የዓምዱ አዘጋጅ። ዕድሜዬ 23 ነው። የተወለድኩት ከቡሬ ወጣ ብላ በምትገኝ የገጠር ቀበሌ ሲሆን አሁን ፍኖተ ሰላም ቤት ተከራይቼ በአንድ የልብስ ሱቅ ተቀጥሬ እሠራለሁ። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳለሁ እናቴ ጸጉሬን ስትሠራኝ ‹ምነው አንዱ ትከሻሽ ወረደ?› አለችኝ። ነገሩ ከዚያ ጀመረ። የቀኝ ጎኔ ወደ ኋላ እየወጣ፣ ወገቤ እየተጣመመ ሄደ። አያቴ ቡዳ ነው አለች። ወጌሻ ሁለት ጊዜ አሽቶኝ ለሳምንት ያህል ከመደብ መነሳት አቅቶኝ ነበር። ጠበልም ሰንብቻለሁ። እናቴ ‹በአንቀልባ ሳዝልሽ እኔው ነኝ ያጣመምኩሽ› እያለች እስከ ዛሬ ታለቅሳለች።

«ዓምና መንገዱ ክፍት በነበረ ጊዜ አጎቴ አዲስ አበባ ወስዶ አሳየኝ። ራጅ ተነሳሁ። ሐኪሙ በሽታው ስኮሊዮሲስ እንደሚባልና 58 ዲግሪ እንደደረሰ ነገረኝ። ‹ኦፕራሲዮን መሆን ትችያለሽ፤ ግን አስቢበት፣ ውሳኔው ያንቺ ነው› አለኝ። እኔ ሐኪም ለታካሚ ውሳኔው ያንቺ ነው ሲል ሰምቼ አላውቅም። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ሕመሙ ይህን ያህል አይደለም። ቀኑን ሙሉ ስቆም ያመኛል፣ ዳገት ላይ ከጓደኞቼ ቀድሜ ይደክመኛል፣ ይኸው ነው።

«አሁን ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። የምወደው ልጅ አለ። እሱ እንዲሁ እንዳለሽ እወድሻለሁ ይለኛል። እናቱ ግን ‹የሷ ወገብ ልጅ አይሸከምም፣ ብትወልድም እንደ እሷ ጎባጣ ነው የምትወልድ› ብለው ሽማግሌ እንዳይላክ ከለከሉ። ኦፕራሲዮን ብሆን ሽባ ሆኜ እቀራለሁ ብዬ እፈራለሁ፤ ባልሆን እሱን አጣለሁ። እታለም፣ አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?

«ግራ የገባት ነኝ፣ ከፍኖተ ሰላም።»

እህቴ፣ መልስሽን ከመጻፌ በፊት አንድ የአጥንት ሐኪም አነጋግሬያለሁ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ የተማርኩትም እስከ አሥራ ሁለተኛ ነው። ስለዚህ ስለ አጥንቱ የምነግርሽ የሐኪሞች ነው፤ ስለ ሌላው የምነግርሽ የራሴ ነው።

በቅድሚያ እናትሽን ከጸጸት እናውጣቸው። አንቀልባ ጀርባ ቢያጣምም ኖሮ መላው ጎጃም ጎብጦ ባየነው ነበር! ከዚህ በሽታ ተጠቂዎች ከአሥሩ ስምንቱ ያህል ምክንያቱ በውል አይታወቅም። ሸክም አይደለም፣ የትምህርት ቤት ቦርሳ አይደለም፣ ጎንበስ ብሎ ማጥናት አይደለም፣ እርግማንም ቡዳም አይደለም። በጉርምስና ዕድሜ ካሉ 100 ልጆች ሁለት ሦስቱ ላይ መጠነኛ መጣመም ይገኛል። አብዛኛው ሳይታወቅ ያልፋል፤ በሴቶች ላይ ግን የመባባስ ዕድሉ ከወንዶች በብዙ እጥፍ ይበልጣል። እናትሽ ጸጉርሽን ሲሠሩ ያዩት ልክ በዚያ ሰውነት በሚመዘዝበት ዕድሜ ነው። እንዲያውም ቀድመው ያዩልሽ እሳቸው ናቸው፣ ይህን ንገሪያቸው።

ወጌሻውን በተመለከተ… ወጌሻ ወለምታን ይመልስ ይሆናል፣ አልከራከርም። የተጣመመ አከርካሪ ግን በእጅ ተገፍቶ የሚቀና ነገር አይደለም። ለሳምንት ያስተኛሽም ይኸው ነው። ጠበሉን አልነካብሽም። ጠበሉንም ጠጪ፣ ራጁንም ተነሺ፤ ሁለቱ አይጣሉም።

እዚህ ላይ ለሌሎች አንባቢዎች አንድ ነገር ልጣል። በአገራችን ጀርባው የጎበጠ ሁሉ ስኮሊዮሲስ አይደለም። የአከርካሪ ቲቢ የሚባል አለ። እሱ አከርካሪውን በልቶ አንድ ቦታ ላይ ሾጠጥ ያለ ጉብታ ያወጣል፤ ብዙ ጊዜም የማይለቅ የጀርባ ሕመም፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክሳት ይከተለዋል። የዚያ መድኃኒቱ መጀመሪያ የቲቢ ኪኒን ነው። ተሎ ካልተጀመረ እግርን እስከ ማስነከስ ይደርሳል። እንዲህ ያለ ሰው ቤታችሁ ካለ ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ እስክትጨርሱ እንኳ አትጠብቁ።

ወደ አንቺ እንመለስ። 58 ዲግሪ ማለት ምን ማለት ነው?

ሐኪሞች የጎበጠውን ቦታ ጫፍና ጫፍ ይዘው ራጁ ላይ በማስመሪያ ይለኩታል። አለካኩ ኮብ በተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ስም ይጠራል። ከ10 ዲግሪ በታች በሽታ አይባልም። በማደግ ላይ ያለ ልጅ ከ25 እስከ 45 ባለው መሐል ከተገኘ ደረት የሚይዝ ጃኬት ይደረግለታል። አሜሪካና ካናዳ ውስጥ ተደርጎ በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ጃኬቱ ለሚያድጉ ልጆች በእርግጥ እንደሚሠራ አሳይቷል። አንቺ ግን ዕድገትሽን ጨርሰሻል። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ «ጀርባ ያቃናል» እየተባለ ለሚሸጠው ቀበቶ አምስት ሳንቲም አታውጪ። ከ45 እና 50 በላይ ሲሆን ነው የኦፕራሲዮን ወሬ የሚነሳው።

ቁም ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሰው ማደግ ሲያቆም ከ30 ዲግሪ በታች የሆነ መጣመም ብዙውን ጊዜ ባለበት ይቆማል። ደረት ላይ ያለ ከ50 በላይ የሆነ ግን ማደግ ካቆምንም በኋላ በአማካይ በዓመት አንድ ዲግሪ ያህል ይጨምራል። አማካይ ነው፤ ንቅንቅ የማይልም አለ። አንቺ አማካዩን ብትከተዪ ግን በ45 ዓመትሽ 80 ዲግሪ ደረስሽ ማለት ነው። 70 እና 80 ሲያልፍ ሳንባ መጨነቅ ይጀምራል። ስለዚህ ማሰብ ያለብሽ ዛሬ መስታወት ላይ ስለምታያት ልጅ ብቻ አይደለም። ልጆቿን አሳድጋ የቡሬን ገበያ ዳገት ስለምትወጣው የ45 ዓመት ሴትዮም ነው።

ይህን ስል ላስፈራራሽ አይደለም፣ ሌላውንም ጎን ስሚ። አይዋ በምትባለው የአሜሪካ ግዛት ያሉ ሐኪሞች ኦፕራሲዮን ያልሆኑ ከ100 በላይ ሰዎችን 50 ዓመት ያህል ተከታትለው ውጤቱን በ2003 እ.ኤ.አ. አውጥተዋል። ሰዎቹ ከሌላው ሰው ይልቅ ወገባቸውን ያማቸዋል፣ መልካቸውም ያሳስባቸዋል። ግን ሠርተዋል፣ አግብተዋል፣ ወልደዋል፤ ከእኩዮቻቸው ቀድመውም አልሞቱም። ትንፋሽ ያስቸገራቸው በተለይ ከ80 ያለፉት ናቸው። ዩሴን ቦልትን ታውቂው የለም? 100 ሜትርን በ9.58 ሰከንድ የሮጠው ሰው ጀርባው ስኮሊዮሲስ አለበት። እርግጥ እሱ እንዳንቺ 58 አይደለም ይሆናል፤ ግን የተጣመመ ጀርባ ሁሉ የተሰበረ ሕይወት እንዳልሆነ ያሳይሻል።

እኔም የማውቀው ሰው አለ። በጂጋ በኩል ያለ ልብስ ሰፊ ነው። 42 ዲግሪ ነው ተብሎ ኦፕራሲዮን አልፈልግም አለ። በየሁለት በየሦስት ዓመቱ ራጅ ይነሳል፣ ቁጥሩ ከዚያ አልተነቃነቀም። ጠዋት ጠዋት የወገብ ስፖርት ይሠራል። ስፖርት አጥንቱን አያቃናም፤ ሕመሙን ግን ያስታግሳል። ሁለት ልጆች አሉት። ስለ ጀርባው ስጠይቀው «ሸሚዝ ስሰፋ የራሴን በልኬ እቆርጣለሁ፣ ማን ያውቅብኛል?» ብሎ ሳቀብኝ።

ኦፕራሲዮኑስ? ጀርባ ከላይ እስከ ታች በረዥሙ ይከፈትና አከርካሪዎቹ ላይ ብሎኖች ይታሰራሉ፤ ብሎኖቹ በሁለት የብረት ዘንጎች ይያያዛሉ፤ ዘንጉ ጀርባውን ይጎትተዋል። ከዚያ የአጥንት ፍርፋሪ ይነሰነስበትና በወራት ውስጥ አከርካሪዎቹ ተያይዘው እንደ አንድ አጥንት ይሆናሉ። ብረቱ አጥንቱ እስኪያያዝ ድረስ ባላ ነው፤ ለዘለቄታው የሚሸከምሽ የተያያዘው አጥንት ነው። ሥራው ብዙ ሰዓት ይፈጃል። ዘዴውን ሐሪንግተን የተባለ የሂውስተን ሐኪም ከ60 ዓመት በላይ አስቀድሞ በፖሊዮ ጀርባቸው ለጎበጠ ልጆች ብሎ ነበር የጀመረው። የዛሬው ብረትና ብሎን ከያኔው እጅግ የተሻለ ነው።

ስለ ሽባነት ጠይቀሻል። እንዳንቺ ወጣት፣ ሌላ በሽታ በሌለበትና 58 ዲግሪ በሆነ ሰው ላይ በነርቭ ላይ ከባድ ጉዳት የሚደርሰው ከ100 ሰው አንድ እንኳ በማይሞላው ላይ ነው። ዜሮ ነው ግን አልልሽም። ከዚህ ሌላ ቁስል ሊያመረቅዝ ይችላል፣ ደም ይፈሳል፣ አጥንቱ አልያያዝ ብሎ ብረቱ ከዓመታት በኋላ ሊሰበርና ድጋሚ መከፈት ሊያስፈልግ ይችላል። የሚሠራልሽን ሐኪም ፊት ለፊት «እንዲህ ያለ ኦፕራሲዮን በዓመት ስንት ትሠራለህ? ስትሠራ ነርቭ የሚቆጣጠር መሣሪያ አለህ? እስከ የትኛው አከርካሪ ድረስ ነው የምታስረው?» ብለሽ ጠይቂው። ጥሩ ሐኪም በዚህ አይቆጣም። ከተቆጣ ሌላ ፈልጊ።

መቼም ስለዚህ ጉዳይ ሲወራ የዶክተር ሪክ ሆድስ ስም ሳይነሳ አይቀርም። አሜሪካዊ ሐኪም ነው፤ በ1990 እ.ኤ.አ. መጥቶ አዲስ አበባ ከረመ። ማዘር ቴሬዛ ቤት በሽተኛ ሲያይ ጀርባቸው የታጠፈ ልጆች በዙበት። ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጋናዊው የአከርካሪ ሐኪም ፕሮፌሰር ቦአቺ አጄይ ጋር ተባብሮ ብዙ ኢትዮጵያውያንን ወደ ጋና እየላከ አሳከመ። ፕሮፌሰሩ ያቋቋሙት ፎኮስ የተባለው ድርጅት በ2012 እ.ኤ.አ. አክራ ላይ የራሱን ሆስፒታል ከፈተ። እዚያ ከሄዱት መካከል ጀርባቸው ከ100 ዲግሪ ያለፈ ብዙዎች ናቸው። እነዚህ እንዳንቺ ቀጥታ ኦፕራሲዮን አይገቡም። ጭንቅላታቸው ላይ የብረት ቀለበት ታስሮ፣ በገመድና በክብደት ወደ ላይ እየተሳቡ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይቆያሉ። ጀርባው ቀስ ብሎ ሲለቅ ነው ኦፕራሲዮን የሚሆኑት። አስቢው እንግዲህ! አብዛኛው የገጠር ልጅ ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው ምርጫው ካለቀ በኋላ ነው። ያ ሐኪም «ውሳኔው ያንቺ ነው» ያለሽ ግዴለሽ ሆኖ እንዳይመስልሽ። 58 ላይ ስለተገኘሽ ገና መምረጥ ትችያለሽ ማለቱ ነው።

የምርጫው ጊዜ ደግሞ ለዘላለም አይከፈትም። በ20ዎቹ ዕድሜ ጀርባ ገና ይታዘዛል፣ ሰውነትም ቶሎ ያገግማል። በ40ዎቹ ያው ኦፕራሲዮን ይረዝማል፣ ጣጣውም ይበዛል። ግን ደግሞ ቤት የተቃጠለ ይመስል በሚቀጥለው ሳምንት የሚወሰን ነገር አይደለም።

አንድ ሐኪም የማይነግርሽ ነገር አለ፤ ይህን የነገረችኝ አሁን ባህር ዳር የምትኖር፣ 76 ዲግሪ ሆና ኦፕራሲዮን የሆነች ልጅ ናት። «ኦፕራሲዮኑ አንድ ቀን ነው፤ ዓመቱ ነው ከባዱ» አለችኝ። በሆስፒታል ብዙ ጊዜ ከሳምንት አትዘልቂም። ከዚያ ወዲያ ግን ግማሽ ዓመት ያህል ከባድ ነገር አይነሳም፤ አጥንቱ በደንብ እስኪያያዝ ዓመት ሊፈጅ ይችላል። እና ቡሬ ገጠር እናትሽ ቤት ብታገግሚ ውኃ ማን ይቀዳል? ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነው። እንጨቱስ? አረሙስ? «ድና መጣች» ተብሎ በሁለተኛው ወር እንስራ የተሸከመች እንደሆነ የተለፋበት ሁሉ ገደል ገባ። ልጅቷ እናቷን፣ ወንድሞቿንና ጎረቤቶቿን ሰብስባ «እስከ ስድስት ወር ከማንኪያ በላይ አላነሳም» ብላ አስምላቸዋለች። ወንድሟ ውኃ ሲቀዳ የሰፈር ልጆች ሳቁበት፤ እሱ ግን እስከ መጨረሻው ቀዳላት። እንዲህ ያለ ወንድም አለሽ?

ሌላም አለ። መሬት ላይ መተኛትና መነሳት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጭንቅ ነው፤ ከፍ ያለ አልጋ ይዘጋጅ። ሽንት ቤት መቀመጥም እንዲሁ፤ የሚያስደግፍ እንጨት ይተከልልሽ። ጎንበስ የምትዪው ከዚያ በኋላ በወገብሽ አይሆንም፣ በዳሌና በጉልበትሽ ነው፤ ስለዚህ ምጣዱ ከፍ ይበል። የስግደቱን ነገር ለንስሐ አባትሽ አስቀድመሽ ንገሪያቸው፣ እሳቸው ያቀሉልሻል። መንገዱንም አትርሺ። ከአዲስ አበባ ፍኖተ ሰላም 400 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ነው፤ የተሰፋ ጀርባ ይዞ የአባይን በረሃ መውረድና መውጣት ቀልድ አይደለም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልላችን በተነሳው ጦርነት ደግሞ መንገድ ሲዘጋ ስንት ሰው ቀጠሮው እንዳለፈበት አንቺም ታውቂያለሽ። ቁስሉ ቢያመረቅዝ፣ ትኩሳት ቢነሳብሽ በቶሎ የምትደርሺበት ሐኪም ይኑርሽ። አዲስ አበባ የምታርፊበት የዘመድ ቤት ካለ ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት እዚያው ብትቆዪ ይሻላል።

አሁን ወደ ልጁ እናት ልምጣ። በአክብሮት፣ ተሳስተዋል። ስኮሊዮሲስ ያለባት ሴት ታረግዛለች፣ ትወልዳለች፤ ኦፕራሲዮን የሆነችም እንዲሁ። መጣመሙ በጣም ከባድ ሆኖ ሳንባ ከነካ ነው እርግዝና ጥብቅ ክትትል የሚሻው። ኦፕራሲዮን ከሆንሽ አንድ ነገር ያዢ፦ በምጥ ጊዜ ወይም በኦፕራሲዮን ብትወልጂ ወገብ ላይ የሚወጋው ማደንዘዣ ሊያስቸግር ስለሚችል ራጅሽንና ወረቀትሽን ይዘሽ ቀድመሽ ለሐኪሞቹ አሳዪ። ውርስን በተመለከተ፣ በዘር የመሄድ ነገር ትንሽ አለው፤ ግን አብዛኞቹ ልጆች አይወርሱትም።

ይህን ሁሉ የምነግርሽ ሄደሽ እንድትከራከሪያቸው አይደለም። ለሳቸው ብለሽ ኦፕራሲዮን ጠረጴዛ ላይ እንዳትወጪ ነው! ኦፕራሲዮን ጀርባን የክር ያህል አያቀናም። መጣመሙ ከግማሽ በላይ ሊቀንስ ይችላል፤ የወጣው ጎን ግን ጥቂት ሊቀር ይችላል፣ ከትከሻ እስከ ወገብ የሚወርድ ጠባሳም ይኖርሻል። ለሰው ዓይን ብለሽ ከገባሽ ሰው ቀጥሎ ጠባሳውን ያነሳብሻል። የባህር ዳሯ ልጅ ጠባሳዋ ዳር ዳር እስከ ዛሬ ይደነዝዛታል። «ትቆጪያለሽ?» ብላት «ዳገት ስወጣ አልቆጭም» አለችኝ።

ልናዘዝልሽ። ስምንተኛ ክፍል ሳለን ጀርባዋ የጎበጠ ልጅ አብራን ትማር ነበር። ሁልጊዜ መጨረሻው ወንበር ላይ ግድግዳውን ተደግፋ ነበር የምትቀመጠው። በኋላ ነው የገባኝ፤ ከኋላዋ ማንም እንዳይኖር ነው። በጋም ክረምትም ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ሰብስባ ትለብሳለች። እኛ «ጎባጢት» እንላት ነበር። እኔም እላት ነበር። አሥረኛ ሳትደርስ ትምህርቷን ተወች። ማንም ጎንበስ በይ ብሎ ጀርባዋን አላየላትም፣ ራጅ ማን ነግሯት! ታናሽ እህት ወይም ወንድም ያላችሁ አንባቢዎች፣ ዛሬ ማታ ልጁን እግሩን ገጥሞ፣ እጁን አንጠልጥሎ ወደ ፊት ጎንበስ ይበል በሉት። ከኋላ ሆናችሁ ስታዩ የጀርባው አንዱ ጎን ከሌላው ከፍ ካለ ሐኪም ያሳዩት። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

«አንቺ ብትሆኚ» ብለሻል፤ አልሸሽም። እኔ ብሆን መጀመሪያ የዓምናውን ራጅ ከአጎቴ እጅ እቀበልና እንደ ወርቅ አስቀምጠዋለሁ። ቀጥሎ መንገድ ሲመች ባህር ዳር ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ሄጄ እንደ ዓምናው ቆሜ፣ ከአንገት እስከ ዳሌ የሚያሳይ አዲስ ራጅ እነሳለሁ። ተኝተሽ ከተነሳሽ ቁጥሩ ይቀንስና ያታልልሻል። ሁለቱንም ራጅ ያው አንድ ሐኪም ጎን ለጎን ይለካቸው። እስከ አምስት ዲግሪ ድረስ ያለ ልዩነት የአለካክ ሊሆን ስለሚችል 61 ቢልሽ አትደንግጪ። ከዚያ በላይ ሄዶ ከሆነ ግን፣ ወይም ትንፋሽ ተለክቶ ሳንባሽ ከቀነሰ፣ እኔ ኦፕራሲዮኑን እመርጥ ነበር፤ ያውም ሳልወልድ፣ ሰውነቴ ጠንካራ እያለ፣ ውኃ የሚቀዳልኝን ሰው ካገኘሁ በኋላ። ባለበት ከቆመ በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ እያየሁ፣ ወገቤን በስፖርት እያጠነከርኩ እኖር ነበር። አሁን ድረስ ያመነታሁት 58 ቁጥሩ ብቻውን ስለሆነ ነው፤ ሁለተኛ ቁጥር ያስፈልግሻል።

ልጁንም ይዘሽው ሂጂ። «እንዳለሽ እወድሻለሁ» ማለት ጥሩ ነው፤ ሐኪሙ ስለ ስድስት ወሩ ሲያወራ አብሮሽ ተቀምጦ ይስማ፣ ፊቱንም እይው።

ሁለተኛውን ራጅ ስትነሺ ቁጥሩን ጻፊልኝ፤ ደብዳቤሽን እጠብቃለሁ። እናትሽንም ሰላም በይልኝ።